ለባለሥልጣን ሁለት ሜትር፣ ለገበሬ ሃምሳ ሜትር

የዛሬው ወሬያችን ስለ ሌንስ ነው። የመነጽር ሌንስ ማለታችን አይደለም፤ የካሜራ ሌንስ። ያውም ረጅሙ፣ ዙም የሚያደርገው፣ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ባለቤቱን ደረቱን አስነፍቶ የሚያስኬደው፣ የሰፈር ልጆች «መድፍ» ብለው የሚጠሩት። እኛ ቤት አንድ ገብቷል። ጋዜጠኝነት ተምረን የተመረቅን አምስት ልጆች እቁብ ጥለን፣ እቁቡ አልበቃ ብሎን ተጨማሪ አዋጥተን፣ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ በካልሲ ተጠቅልሎ የደረሰልን 70-300 ሚሊ ሜትር ቴሌፎቶ ዙም ነው። እቁቡን ስንጀምር አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሻገር የእኛም ሌንስ ከፊታችን እየሸሸ ሄደ። (ገና ሳንገዛው ዙም ማድረግ ጀምሯል ብለን ስቀናል።)

ዕቃው እጃችን ከገባ በኋላ ግን ሳቁ ሳምንት አልቆየም፤ ክርክር መጣ። የመጀመሪያ ሥራው ምን ይሁን? ከአምስታችን ሁለታችን የደጎሎ ልጆች ነንና ጃማ ይዘነው እንሂድ በሚለው ላይ ተስማማን። ደጎሎ ደርሰን ምን እናንሳበት በሚለው ላይ ግን አልተስማማንም። አንዱ ወገን «ገበያው አለ አይደል! የገበሬው ፊት! ከሩቅ ሆነን፣ ሳያየን፣ ተፈጥሯዊ እንደሆነ!» አለ። ሌላው ወገን «በዚህ ሌንስ የገበሬ ፊት አይነሳም» ብሎ ድርቅ አለ። ድምፅ ተሰጠ፤ ሦስት ለሁለት። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ሦስታችን ነን። ሁለቱ ወንድሞቻችን መልስ የመጻፍ ሙሉ መብት አላቸው።

አቋማችን ባጭሩ ይህ ነው። ረጅም ሌንስ የተሠራው መቅረብ ለማይቻል ወይም መቅረብ ለማይገባ ነገር ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያሉ ነገሮች ሁለት ናቸው፦ አውሬና ሥልጣን። ገበሬ አውሬም ሥልጣንም አይደለም። በእግር ሄደው «እንደምን ዋሉ» ሊሉት የሚቻል ሰው ነው። የአገራችን የካሜራ ልማድ ግን ይህን ገልብጦታል። ባለሥልጣኑን ሁለት ሜትር ላይ ተጠግተን፣ በፍላሽ፣ ክራባቱን እስኪያስተካክል ጠብቀን እናነሳዋለን። ገበሬውን ደግሞ ሃምሳ ሜትር ላይ ሆነን፣ ከመኪና መስኮት፣ ከግንብ ጥግ፣ ሳይነገረው እናነሳዋለን። መሆን የነበረበት ተቃራኒው ነው።

ሦስት መቶ ሚሊ ሜትር ሲተረጎም

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ቴክኒክ እናስቀድም። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው የተለመደው ሌንስ 18-55 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብዙ ቦታ ያያል፤ በጨመረ መጠን ጥቂት ቦታ አጉልቶ ያያል። በብዙዎቻችን እጅ ያለው ዲጂታል ካሜራ ሴንሰሩ ከድሮው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያነሰ ስለሆነ 300 የተባለው በኒኮን እንደ 450፣ በካኖን እንደ 480 ሚሊ ሜትር ሆኖ ነው የሚያየው። በዚህ ልክ ሃምሳ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ ገጥሞ ይገባል። ሃያ ሜትር ላይ ከሆነ ከወገቡ በላይ ብቻ ይቀራል፤ ዓይኑ እንባ ካቀረረ እንባው ይለያል። ሃያ ሜትር መንገድ ተሻግሮ እንደ መሄድ ነው። ሰውየው እኛን አላየንም። እኛ እንባውን አየን።

ይህ ኃይል ዋጋ አለው። እንደ እኛ ያለው ረከስ ያለ ሌንስ 300 ላይ ሲደርስ የሚከፈተው እስከ 5.6 ብቻ ነው፤ ውዶቹ በ2.8 ከሚያስገቡት ብርሃን ሩቡን ብቻ ያስገባል ማለት ነው። እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ምስሉ ይደበዝዛልና ፍጥነቱ ከሰከንድ አንድ አምስት መቶኛ መውረድ የለበትም። እኩለ ቀን ላይ ከሜዳ የሚነሳው ሙቀት አየሩን ሲያርገበግበው ደግሞ የየትኛውም ኩባንያ ሌንስ አያድንም። አሮጌ ለምትገዙም አንድ ምክር፦ በባትሪ ብርሃን ውስጡን አብሩበት፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነውና መልሱት። የትኩረት ሞተር በውስጡ የሌለውን የድሮ የኒኮን ሌንስ ዲ3000ን በመሰሉ የጀማሪ ካሜራዎች ላይ ብትገጥሙት ትኩረቱን በእጃችሁ ማዞር ነው ዕጣችሁ። ቴክኒኩ እዚህ ይብቃ።

አንድ ነገር ግን ሳንጨምር አናልፍም፤ ረጅም ሌንስ ይዋሻል። ከሩቅ ሲታይ በፊተኛውና በኋለኛው መካከል ያለው ክፍተት ይጨፈለቃል። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት የዴንማርክ ፎቶ አንሺዎች አንድን ቦታ አንድ ጊዜ በሰፊ፣ አንድ ጊዜ በረጅም ሌንስ አንስተው ለሕዝብ አሳይተው ነበር። በረጅሙ ሰዎቹ ትከሻ ለትከሻ የተጣበቁ ይመስላሉ፤ በሰፊው ግን ተራርቀው ቆመዋል። ይህን ወደ አገራችን አምጡት። ሰልፍ ነው? ግማሽ አደባባይ የሞላው ሰው አገር ምድሩን ያጥለቀለቀ ይመስላል። አዝመራ ነው? የጃማን ሜዳ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥቁር አፈር ነው፣ ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ ጫማ ይበላል፣ ስንዴውም ጤፉም ቦታ ቦታ ላይ ይሳሳል። የሳሳውን ማሳ በጎን፣ ከሩቅ፣ በ300 አንሱት፤ መርፌ የማያስገባ ሆኖ ቁጭ ይላል። በመስክ ጉብኝት ዜና ላይ የምናየው ሰብል የተትረፈረፈ የሚመስለው አንዳንዴ በማዳበሪያው ብዛት ሳይሆን በሌንሱ ርዝመት ነው።

ቀበሮና ጭላዳ ይመስክሩ

«ታዲያ ለምን ገዛችሁት?» ትሉን ይሆናል። በደንብ አድርገን የምንፈልገው ስለሆነ ነው።

ከደጎሎ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከመካነ ሰላም በላይ ባለው ደጋ፣ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «ደንቆሮ ጫካ» የሚለው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ቀይ ቀበሮ አለበት። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ በጠቅላላው ከ500 አይበልጥም፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ከግማሽ የሚበልጠው ባሌ ሲሆን የቀረው በአርሲ፣ በስሜን፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ደጋዎች በትንንሽ ቡድን ተበታትኖ ይኖራል። ይህ እንስሳ ቀኑን ሙሉ ሣር ውስጥ አይጥ ሲያደባ የሚውል ነው። ሰው ሲጠጋው አደኑን ይተዋል። ከሰው ጋር ውሻ ይመጣል፣ ከውሻ ጋር በሽታ ይመጣል። በ2003 እ.ኤ.አ. በባሌ ተራሮች ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮዎችን ጨርሷል። ስለዚህ ቀይ ቀበሮን የሚወድ ሰው ርቆ ይቀመጣል። ረጅም ሌንስ ለዚህ ነው የተፈጠረው፤ እንዳየነው ሳያውቅ፣ አይጡን ይዞ ወደ ልጆቹ እንዲሄድ።

ጭላዳም እንደዚሁ ነው። በጃማና በሰሜን ሸዋ መካከል ወንጪት ወንዝ በቆፈረው ገደል አፋፍ ላይ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ አይቶ የማያውቅ የደጎሎ ልጅ የለም። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዓለም የትም የለም፤ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ከዝንጀሮ ወገን ሣር ግጦ የሚኖር እርሱ ብቻ ነው። ደብረ ሊባኖስ አካባቢ ሰው ለምዶ ጥቂት ሜትር ላይ ያስጠጋል። ማሳ ላይ በድንጋይ የሚያባርሩት ግን ሰው ሲያይ በገደሉ ቁልቁል ይወርዳል። እርሱን ለማንሳት ሃምሳ ሜትር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የሚያስቆጨን ሌላ ነገር አለ። የቀይ ቀበሮን ፎቶ ፈልጉ፤ ከሥሩ የምታነቡት ስም ባብዛኛው የፈረንጅ ነው። ጥፋቱ የፈረንጅ አይደለም፤ ሌንስ ገዝቶ፣ ብርድ ችሎ፣ ሳምንታት ተቀምጦ ነው ያነሳው። እኛ አገር ግን በመሥሪያ ቤት በጀት የተገዛው ረጅም ሌንስ ቀበሮ ሳያይ ዕድሜውን አዳራሽ ውስጥ ይጨርሳል። ወይም ገበያ ላይ፣ እህል ስትሰፍር የምትውል ሴት ላይ።

ወሎ ፎቶ ያውቃል

«ፎቶ ነው፣ ምን ታካብዳላችሁ?» ለሚሉን ወገኖቻችን የምንመልሰው ከወሎ ታሪክ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ስታልቅ መንግሥት ዝም ብሎ ነበር። ያን ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ደርሰው ያመጧቸውን ፎቶዎች ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አሳዩ፤ ተማሪው ተነሳ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ የቀረጸው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ያ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር እየተቆራረጠ ቀረበ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። አሥር ዓመት ቆይቶ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም የቀረጸው ምስል በቢቢሲ ታየና ዓለም ተንቀሳቀሰ።

እነዚህ ምስሎች ሕይወት አድነዋል፤ ይህን አንክድም። ያነሷቸው ሰዎችም ኮረም ድረስ፣ መጠለያው ድረስ ሄደዋል። አሚን በኋላ በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ ክንዱን ያጣ ሰው ነው፤ ከሩቅ የሚያነሳ አልነበረም። ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። በእነዚያ ምስሎች ውስጥ ያሉትን እናቶች ስም የምታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? የትግራይዋ ብርሃን ወልዱ ሕፃን ሳለች ሞት አፋፍ ላይ የተቀረጸ ፊቷ በ1985 እ.ኤ.አ. በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ታየ። ብዙው ተመልካች ስሟን የሰማው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. በላይቭ 8 መድረክ ላይ አድጋ ሲያያት ነው። ፊት ሃያ ዓመት ቀድሞ ሄደ፤ ስም ሃያ ዓመት ቆይቶ ደረሰ። የብዙዎቹ ስም ደግሞ እስከ ዛሬ አልደረሰም።

የወሎ ሰው ፊቱ ስሙ ሳይጠየቅ ዓለምን ሲዞር አይቷል። የእኛ ትውልድ ካሜራ በእጁ ሲገባ ይህን መድገም የለበትም። ያኔ ቢያንስ ሰው እየሞተ ነበር፤ ዛሬ ከመኪና መስኮት የምንሰርቀው ፊት ምን ያድናል? አንድ ገጽ ላይ «የገጠር ሕይወት» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት መውደድ ይሰበሰብበታል እንጂ።

«ማንሳት» እና «መነሳት»

ፈረንጅ በቋንቋው ፎቶ «ይተኩሳል»። እኛ «እናነሳለን»። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በአማርኛ ፎቶ የሚነሳው ሰው ራሱ ባለቤት ነው፦ «ፎቶ ተነሳሁ»፣ «ኑ አብረን እንነሳ»፣ «ልጄን ይዤ ልነሳ»። ሰውዬው ከተቀመጠበት ተነስቶ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ የሚያደርገው ነገር ነው። ሳያውቅ የተነሳ ሰው በቋንቋችን ስሜት አልተነሳም፤ ተወስዶበታል።

ደጎሎ ላይ ይህን ከሁላችን ባጭሩ ያስረዱን አንዲት እናት ናቸው። ሌንሱን አይተው «ልጄ፣ ይኼ ረጅሙ ነገር ምንድን ነው?» አሉን። «እናቴ፣ የሩቅ ሰው አቅርቦ የሚያሳይ ነው» አልናቸው። ጥቂት አሰቡና «እኔ እኮ እዚሁ ነኝ፤ ምን ሩቅ አደረገኝ?» አሉ። ሌንሱን ፈትተን አጭሩን ገጠምን። ቡና እስኪፈላ ተቀምጠን፣ ስማቸውን ጠይቀን፣ በአጭሩ አነሳናቸው። ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሳይስቁ። ያ ነው መታየት የፈለጉት መልክ።

ሕጉም ከእርሳቸው ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማይጠየቅበትን ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም አንዱ ሰውየው የያዘው የመንግሥት ሥልጣን ነው። አስተውሉልን! ፈቃዱ የማያስፈልገን ባለሥልጣኑ ነው፤ የሚያስፈልገን ገበሬው ነው። (በአደባባይ ለተደረገ ሁነትና ሕዝብ ለሚመለከተው ጉዳይም ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ገበያ አደባባይ ነው ብላችሁ እንደምትከራከሩን እናውቃለን። ገበያው አደባባይ ነው፤ ገበያውን አንሱ። በሃያ ሜትር ተስቦ የወጣ የአንዲት ሴት ፊት ግን ገበያ አይደለም።)

ሦስቱ ሰበቦች

አንደኛው ሰበብ «ስንቀርብ ይለወጣሉ» የሚል ነው። አዎ፣ ይለወጣሉ። እናንተስ ቤታችሁ እንግዳ ሲገባ አትለወጡም? ሰው እንግዳ ሲያይ ፊቱን የሚሰበስበው ክብሩን ለመጠበቅ ነው። ያ መሰብሰብ እንዲፈታ ከፈለግን መድኃኒቱ ሚሊ ሜትር ሳይሆን ሰዓት ነው። አቦል ጠጥቶ፣ ቶና ጠጥቶ፣ በረካ ላይ የደረሰ ሰው ካሜራውን ይረሳዋል። እኛ ግን ለበረካ ጊዜ የለንም፤ መኪናው እየጠበቀን ነው፤ አበል የታሰበልን ለአንድ ቀን ነው። «ተፈጥሯዊ» የምንለው አብዛኛው ፎቶ የችኮላ ሌላ ስሙ ነው።

በሴቶች ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ወንዝ ወርዳ እግሯን የምትታጠብ፣ ለቅሶ ላይ ነጠላዋ የወደቀ፣ ሕፃን የምታጠባ ሴት ማንም እንዳላያት አምና ነው እንዲያ የሆነችው። ሌንሱን የያዘው ወንድ ልጅ እዚያው ወንዝ ዳር ሃያ ሜትር ላይ ቆሞ ቢያፈጥባት ሽማግሌ በዱላ ይመልሰው ነበር። ርቀቱን በመስታወት ስላሳጠረው ግን ጥበበኛ ተባለ።

ሁለተኛው ሰበብ «ስንጠይቃቸው ገንዘብ ይሉናል» የሚል ነው። ማን አስተማራቸው? ፊታቸው በካርድ፣ በካላንደር፣ በሪፖርት ሽፋን ታትሞ ሲሸጥ አይተው ነው የተማሩት። ለዜና ገንዘብ አይከፈልም፤ በዚህ እንስማማለን። አንድ የታጠበ ፎቶ ይዞ መመለስ ግን ጉቦ አይደለም። በፊልም ጊዜ ፎቶ ቤቱ ቢያንስ አንድ ቅጂ ይሰጥ ነበር። ዲጂታል ከመጣ ወዲህ በሺህ የሚቆጠር እናነሳለን፤ ለባለቤቱ የሚደርሰው ግን አንድም የለም።

ሦስተኛው ሰበብ ከባድ ነው፤ «ርቀት ሕይወት ያድናል» የሚል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ እንደ ልብ አያስኬድም፤ ሰውም እንግዳ ይጠረጥራል። ግን በዚህ ጊዜ ረጅም ጥቁር ነገር ትከሻ ላይ ደግኖ ከሩቅ መቆም ያድናል ወይስ ያስገድላል? በ2007 እ.ኤ.አ. ባግዳድ ውስጥ የሮይተርሱ ፎቶ አንሺ ናሚር ኑር ኤልዲን ከባልደረባው ጋር በአሜሪካ ሄሊኮፕተር ተመትቶ ሞተ። አብራሪዎቹ ረጅሙን ሌንስ የሮኬት ማስወንጨፊያ ነው ብለው ነበር። ከሩቅ ሲታይ ሌንስና አፈሙዝ ይመሳሰላሉ። ያልተነገረው ገበሬም ሆነ ያልተነገረው ታጣቂ የሚያየው ወደ እርሱ የዞረ ቱቦ ነው። አስቀድሞ ሰላም ያለ፣ ስሙን የተናገረ፣ ካሜራውን ያሳየ ሰው ከዚያ የተሻለ ዋስ አለው።

በነገራችን ላይ «ካኖን» የሚለውን ስም ብዙ ሰው ከመድፍ ጋር ያያይዘዋል። አይደለም። በ1934 እ.ኤ.አ. የተሠራው የመጀመሪያው የሙከራ ካሜራቸው «ክዋኖን» ይባል ነበር፤ የቡድሂስቶች የርኅራኄ አማልክት ስም ነው። መድፍ ያደረግነው እኛ ነን።

ሌንሱ ወደ ላይ ይዙር

ከመካከላችን አንዷ በአንድ መሥሪያ ቤት ለልምምድ በነበረችበት ጊዜ የተሰጣት ትእዛዝ ይህ ነበር፦ «ክቡር ኃላፊውን ቀረብ ብለሽ፣ ከታች ወደ ላይ፤ ገበሬዎቹን ከዚያው ከመንገድ ሆነሽ ሰብስበሽ»። የዚያን ቀን የተላከውን ፎቶ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የተለያየ ከተማ፣ የተለያየ ዓመት፣ አንድ ዓይነት ምስል። ከፊት የታሸገ ውሃ፣ ከኋላ ክራባት፣ ከክራባቱ በላይ በሰፊው የተነሳ ፊት። ገበሬው በሌላ ፎቶ ላይ አለ፤ ስሙ «አርሶ አደሮች» ነው።

ባለሥልጣንን ሁለት ሜትር ላይ ሆኖ ማንሳት ምን ችግር አለው? ሁለት ሜትር ላይ የሚያስጠጋው ለፎቶ የተዘጋጀ ጊዜ ነው። ሳይዘጋጅ ሲሆን ጠባቂ አለ፣ አጥር አለ፣ የጠቆረ መስታወት አለ። እንግዲህ መቅረብ የማይቻልበት ቦታ ማለት ይህ ነው፤ ረጅሙ ሌንስ የሚፈለገውም እዚህ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የለንደን ፖሊስ የፀረ ሽብር ኃላፊ ቦብ ኩዊክ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ሲገቡ ምስጢራዊ ወረቀት በእጃቸው ገልጠው ያዙ። መንገድ ዳር የቆሙ ፎቶ አንሺዎች በረጅም ሌንስ አነሷቸው፤ ጽሑፉ ተነበበ፤ በማግስቱ ሥራቸውን ለቀቁ። ማንም «ተሰረቅሁ» አላለም። ሥልጣን የያዘ ሰው በሕዝብ ገንዘብ ሲንቀሳቀስ መታየት የሥራው ክፍል ነው።

እኛ አገር ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም፤ ማንንም ወደ ወታደር ካምፕ ሌንስ ደግኑ ብለን አንመክርም። ግን ሳይጨርስ ተመርቆ የቆመ ድልድይ ከማዶ ሆኖ ማንሳት ይቻላል። ተከልሎ የተረሳ የጤና ጣቢያ ግንባታን ከኮረብታ ማንሳት ይቻላል። ስብሰባ ላይ መድረኩን ትቶ፣ ከኋላ ወንበር ሆኖ፣ የሚያንቀላፋውን ኃላፊ ማንሳት ይቻላል። ለዚህ 300 ሚሊ ሜትር በቂ ነው።

ውሳኔያችን

ሌንሱ የአምስታችን ስለሆነ መተዳደሪያ አወጣንለት። ሁለቱ ተሸናፊዎችም ፈርመዋል።

1. ፊት ላይ የሚያተኩር የሰው ፎቶ በረጅሙ ሌንስ አይነሳም። ሰው በአጭሩ፣ በእግር ተሄዶ፣ ሰላም ተብሎ፣ ስም ተጠይቆ ይነሳል። ስም አይጻፍ ካለ አይጻፍም፤ አልነሳም ካለ አይነሳም።

2. የተነሳ ሰው ምስሉን እዚያው በካሜራው ላይ ያያል። ያልወደደው ይጠፋል። የወደደው ታጥቦ ይላክለታል፤ ወጪው ከእቁቡ።

3. ረጅሙ ሌንስ የአውሬ፣ የገደል፣ የግንባታ፣ የሥልጣን ነው። ሰልፍና አዝመራ በረጅሙ ከተነሳ በሰፊው የተነሳ ሌላ ፎቶ አብሮ ይወጣል።

4. ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዘንድ ውሻ ይዞ የሚሄድ፣ ወይም ለተሻለ ፎቶ ብሎ የሚያስደነግጥ፣ ሌንሱን ለአንድ ዓመት አይነካም።

5. ወሎም ሆነ ሌላ ቦታ ቀበሮ ሊያነሳ የሚሄድ የአገር ልጅ ከመጣ ሌንሱን በነጻ እናውሰዋለን። መያዣው መታወቂያ ነው።

የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶች፣ የእርዳታ ድርጅቶች፣ ገጽ ከፍታችሁ «የገጠር ውበት» የምትለጥፉ ወዳጆቻችን፣ ይህን መተዳደሪያ ገልብጣችሁ ብትወስዱት ክፍያ የለውም። ካልተስማማችሁ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ባለፈው ዓመት ያወጣችኋቸውን የገበሬ ፎቶዎች አንድ በአንድ አውጡና ከየፎቶው ሥር የሰውየውን ስም ለመጻፍ ሞክሩ። ስንቱ ባዶ እንደቀረ ቆጥራችሁ ጻፉልን። በዚያ ቁጥር ላይ እንከራከራለን።